የግራው እጅጌ

ልብስ ሰፊውን በሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም «ተርታሪው» ይለው ነበር። ይህን ስም ያወጣችለት በትዳራቸው የመጀመሪያ ዓመት ባለቤቱ ናት። ለጎረቤት የሰፋውን አንድ ሱሪ ሦስት ጊዜ ሲተረትርና ሦስት ጊዜ መልሶ ሲሰፋ ተመለከተችና፣ «እኔ ሰፊ ያገባሁ መስሎኝ፤ ለካስ ተርታሪ ኖሯል!» አለች። ቀልዱ ከቤት ወጥቶ ወደ መንገድ ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው?

እጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እርሱ የሰፋው ኮት ለባሹን ቀብሮ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይባል ነበር። ነገር ግን ስፌቱ በአንድ ክር ውፍረት ከመስመሩ ከወጣ፣ ደንበኛው ሳያየው፣ የማንም ዓይን ሳይለየው፣ ምላጩን ያነሣል። ሲያነሣም በዝምታ አያነሣም፤ «እጅህ ይቆረጥ! ሠላሳ ዓመት ሰፍተህ ዛሬም ቀጥ ያለ መስመር አታውቅም? የማትረባ!» እያለ ራሱን በሹክሹክታ ይሰድባል። ሰው በጠላቱ ላይ ለመሰንዘር የሚያፍርበትን ቃል እርሱ በየቀኑ በራሱ ላይ ይሰነዝር ነበር። ይህንም ትጋት ብሎ ይጠራው ነበር። ትጋት ግን ሥራን ይፈጽማል፤ ይህ ሥራን የሚበላ ብል ነበር።

ሰው ራሱን በሚለካበት ሜትር ሌላውን ሳይለካ አይውልም። አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፤ በሱቁ ውስጥ ከእርሱ አጠገብ፣ በሁለተኛው መኪና ላይ አራት ዓመት ሰፋች። በእነዚያ ዓመታት አንድም ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ በዚህም በልቡ ይመካ ነበር። ዳሩ ግን እርሷ ለምሳ ስትወጣ የሰፋችውን እየተረተረ እንደ ገና ይሰፋው ነበር፤ ስትመለስም ምንም እንዳልሆነ ሆኖ አንገቱን ደፍቶ ታገኘዋለች። አንድ ቀን ጥቁር ክር አለቀባትና የአንድን ቀሚስ ጫፍ በውስጥ በኩል በሰማያዊ ክር ጨረሰችው። ከምሳ ስትመለስ ክሩ ጥቁር ሆኖ ቆያት። ወደ መስቀያው ሄደችና የተሰቀሉትን ልብሶች አንድ በአንድ እየገለበጠች አየች። የእርሷ እጅ ያረፈበት ስፌት በአንዱም ላይ አልነበረም።

«አባዬ፣ እኔ እዚህ አራት ዓመት ምን ስሠራ ነበር?» አለችው።

ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ መኪናው ላይ አኖረችና ወጣች። በሳምንቱ መጋረጃ በሚሰፋበት ድርጅት ተቀጠረች፤ ቤትም ተከራየች።

«መጋረጃ!» አለ ተርታሪው ለባለቤቱ። «መጋረጃ ደግሞ ምን ስፌት አለው? አራት መዓዘን ጨርቅ!»

«ይሁና! እዚያ የሰፋችው ተሰፍቶ ያድራል፤» አለች ባለቤቱ።

ከሁለት ወር በኋላ ይህችው ሴት በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ገንጥላ አመጣችና ከፊቱ ዘረጋችው። «ራሳቸውን ያለ ልክ ለሚወቅሱ፣ ሥራቸው ፍጹም ካልሆነ ዕረፍት ለሚያጡ ጎልማሶች የተዘጋጀ የምክክር ቡድን» ይላል።

«እኔ በሽተኛ አይደለሁም፤» አለ።

«ማን በሽተኛ አለህ? ወይ ትሄዳለህ፣ ወይ እኔም መጋረጃ ልሰፋ እሄዳለሁ።»

ሄደ።

ቡድኑ የሚሰበሰበው በየሳምንቱ ረቡዕ ከቀትር በኋላ በጤና ጣቢያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ክፍሏ አንድ መስኮትና ስድስት የእንጨት ወንበሮች ነበሯት፤ ከወንበሮቹም አንዱ ይነቃነቃል። ተርታሪው እንዳይረፍድበት ፈርቶ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ደረሰ፤ ሌሎቹም ሁለቱ በዚያው ፍርሃት ቀድመውት ተቀምጠው አገኛቸው። አንዱ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ፀጉሩ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ሸሚዙ እንደ ወረቀት የተተኮሰ። ሁለተኛዋ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ የሆነች ወጣት ሴት ናት፤ በር ቆልፋ ከወጣች በኋላ መቆለፏን ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ የምትመለስ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድም ሰው አልተናገረም፤ እያንዳንዱ የሚናገረውን በልቡ ያርም ነበርና። አማካሪዋ ልክ በሰዓቱ ስትገባ ሦስቱም ያረፈደች መሰላቸው።

አማካሪዋ ዝግ ያለች፣ በዕድሜ የበሰለች ሴት ነበረች። የመነጽሯ አንድ እግር በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ተርታሪው ከዚያ ፕላስተር ላይ ዓይኑን ማንሣት አቃተው። መምህሩም እንዲሁ ኖሯል፤ አላስችል ቢለው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መነጽርዎን ላስጠግንልዎ?» አለ።

«ያሳየኛል እኮ፤» አለች፤ ወደ ሥራዋም ገባች።

በመጀመሪያው ቀን ተርታሪው ለራሱ የሚናገረውን ስድብ ቃል በቃል እንዲደግምላት ጠየቀችው። እያፈረ ደገመላት።

«ይህ የማን ድምፅ ነው?»

ጥቂት አሰበ። «የመጀመሪያ አሠሪዬ ድምፅ ነው። የጠመመ ስፌት ካየ ልብሱን ወደ መንገድ ይወረውረው ነበር። ከሞተ ሃያ ዓመት ሆነው።»

«ታዲያ እስካሁን ጡረታ ያላወጡት ለምንድን ነው?»

መምህሩ ከት ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁ ከልክ ያለፈ መስሎት አፉን በእጁ ያዘ።

በሦስተኛው ሳምንት አማካሪዋ የቤት ሥራ ሰጠቻቸው። እያንዳንዱ በአንድ ጊዜ የተሠራ፣ ያልታረመ፣ ጉድለቱ ያልተሸፈነ አንድ ነገር ይዞ እንዲመጣ ነበር። በተባለው ቀን የመድኃኒት ቤቷ ሴት ለእኅቷ የጻፈችውን ደብዳቤ አወጣች፤ በመካከሉ አንድ የተሰረዘ ቃል አለበት። አማካሪዋ አመሰገነቻትና ስንት ጊዜ እንደ ጻፈችው ጠየቀቻት። ልጅቱ ቀላች፤ «አምስት ጊዜ። ስርዙ ሆን ተብሎ የተሰረዘ እንዳይመስል ብዬ፤» አለች። መምህሩ ሆን ብሎ የተሳሳተው አንድ ስሌት ይዞ መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን በወረቀቱ ጀርባ ላይ ትክክለኛውን መልስ ከነማረጋገጫው ጽፎበታል። ተርታሪው ጠርዙ ጠማማ የሆነ መሐረብ ዘረጋ። አማካሪዋ ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችውና በጨርቁ ላይ የቀረውን የጠመኔ ምልክት አገኘች፤ ጠማማነቱን በማስመሪያ አስምሮ ነበር የሰፋው። መነጽሯን አውልቃ ዕንባ እስኪወጣት ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። ተርታሪው በሰው ፊት በራሱ ስህተት ሲስቅ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር፤ ጣሪያው አልተደፋበትም።

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በሱቁ ውስጥም አንዳንድ ነገር መለወጥ ጀመረ። ሦስት ጊዜ የሚተረትረውን አንድ ጊዜ ተርትሮ ይተወው ጀመር። ስድቡ ወደ አፉ ሲመጣ የሟቹን አሠሪውን ድምፅ አስቦ «ጡረተኛው መጣ» ብሎ ለራሱ ይናገራል፤ አንዳንድ ቀን ድምፁ ይሄድለታል፣ አንዳንድ ቀን እምቢ ይለዋል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ለልጇ በስልክ ታወራ ነበር። እርሱ ግን ልጁን ለመጥራት አልደፈረም። ምን ብሎ ይጥራት?

ብርዱ ሊገባ ሲል አንድ ቅዳሜ ልጅቱ ራሷ መጣች። በሱቁ ደጃፍ ቆማ፣ ወደ ሁለተኛው መኪና ሳትመለከት፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጠችው። ግራጫ የሱፍ ኮት ነበር።

«አሮጌውን ኮትህን እማዬ በስውር አውሳኝ በእርሱ ለካሁት። ከሥራ ስወጣ እየሰፋሁ ሁለት ወር ፈጀብኝ።»

«ልጄ...»

«ቆይ አባዬ፣ ልጨርስ። የነገ ሳምንት፣ እሑድ፣ እኔ ቤት ምሳ ትመጣላችሁ። ለብሰኸው ና። እንዳለ ለብሰኸው ና። አንድ ክር ሳትነካ።»

«ብነካስ?» አለ፤ ለቀልድ ያህል ነበር።

አልሳቀችም። «ከነካኸው ሁለተኛ መርፌ ይዤ አንተ አጠገብ አልቀመጥም፤» አለችና ሄደች።

ኮቱ ይሞቅ ነበር። ገበሩ ለስላሳ ነው፤ የቀኝ ትከሻው እርሱ ራሱ የሰፋው እስኪመስል ድረስ ቀጥ ብሏል። የግራው እጅጌ ግን ከትከሻው ጋር በሚጋጠምበት ላይ ጥቂት ወደ ፊት አዘንብሎ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ትንንሽ ሽብሽቦች ፈጥሯል። ሌላ ሰው በዓመት አያያቸውም። ተርታሪው በቅጽበት አያቸው፤ ከዚያ በኋላም ሌላ ነገር ማየት ተሳነው።

ሦስት ቀን ታገሠ። በአራተኛው ቀን «ካውያ ብቻ ልምታው፤ ካውያ ክር አይነካም፤» አለ። ካውያው ሽብሽቦቹን ይበልጥ አጎላቸው። «እንግዲያው ሁለት ስፌት ብቻ፤» አለ። ጥፋት ሁሉ እንዲሁ ነው፤ በበር አንኳኩቶ አይገባም፤ «ጥቂት ብቻ» በምትባል ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል። እጁ ሲቆም ምላጩ በቀኝ እጁ፣ የግራው እጅጌ በጉልበቱ ላይ ነበረ።

አሁን ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። አስተካክሎ ቢሰፋው ልጅቱ በሩን ከፍታ ገና አንድ እይታ ስታየው ታውቀዋለች። ሳይሰፋው ቢቀር አለቀ። ስለዚህ እንደ እርሱ ያለ ሰው ብቻ የሚያስበውን አሰበ፤ እጅጌውን ልክ እንደ እርሷ አጣሞ ሊሰፋው ቆረጠ። የቀድሞውን የመርፌ ቀዳዳዎች በማጉያ መነጽር እየፈለገ ምልክት አደረገባቸው። የመጀመሪያው ሙከራ በጣም ቀጥ አለ፤ እጁ መጥመም አልለመደምና። ተረተረው። ሁለተኛው ከልክ በላይ ጠመመና በልጁ ላይ ያፌዘ መሰለው። ተረተረው። ሦስተኛው ለጥቂት ተሳሳተ። አራተኛውን ሲተረትር የጨርቁ ጠርዝ መመንመንና ክሩ መፍታታት ጀመረ። ያን ጊዜ ምላጩን አኖረ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ረቡዕ ዕለት ኮቱንና እጅጌውን በከረጢት ይዞ ወደ ቡድኑ ሄደ። የሆነውን ሁሉ ሲተርክ መምህሩ ወደ ፊት ተጠግቶ አዳመጠ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ በደንብ ልረዳዎት። ስህተቱን ያለ ስህተት ሊደግሙት ሞከሩ?»

«አራት ጊዜ።»

«እኔ ብሆን መጀመሪያ ንድፉን ወረቀት ላይ እሥል ነበር፤» አለች የመድኃኒት ቤቷ ሴት።

ተርታሪው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና አራት ታጥፎ የተቀመጠ ወረቀት አወጣ። ሽብሽቦቹ ከነልካቸው ተሥለውበታል። ማንም ሳቁን መያዝ አልቻለም፤ እርሱም ጭምር። ሳቁ ሲያበቃ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ትስቃላችሁ እንጂ እኔ ልጄን ያጣሁ የማልረባ ሰው ነኝ። አባት አይደለሁም። እጄ...»

«ቆይ፤» አለች አማካሪዋ። «አሁን የተናገረው ማን ነው?»

«ጡረተኛው፤» አለ።

«እሺ። ይህን ከረጢት ይዛ የመጣችው እርሷ ብትሆንስ?» ወደ መድኃኒት ቤቷ ሴት አመለከተች። «ምን ይሏታል?»

ተርታሪው ልጅቱን ተመለከታት። ዕድሜዋ ከልጁ ዕድሜ ብዙም አይርቅም፤ ጥፍሮቿን እስከ ሥጋው ድረስ ነክሳቸዋለች። «ልጄ፣» አላት፣ ድምፁ ራሱን እስኪያስገርመው ድረስ ለስልሶ፣ «የሰው ሕይወት አላጠፋሽም። ጨርቅ ነው የተረተርሽው። አትደብቂያት፤ ሂጂና ንገሪያት።»

«በሉ እንግዲህ፣ ሰምተዋል፤» አለ መምህሩ።

አማካሪዋ ግን አንድ ነገር ጨመረች። «ሲነግሯት ራስዎን አይስደቡባት። ከሰደቡ እርስዎን ማጽናናት የእርሷ ዕዳ ይሆናል። በድለዋት ሲያበቁ ደግሞ ሥራ ይሰጧታል። ያደረጉትን ይናገሩ፤ ይቅርታ ይጠይቁ፤ ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ይከብድዎታል።»

እሑድ ተርታሪው ኮቱን በአንድ እጅጌ ለበሰ። የግራ ክንዱ በነጭ ሸሚዝ እንዳለ ቀረ፤ የተተረተረውን እጅጌ አጣጥፎ በኪሱ ያዘ። በመንገዱ ላይ ሰው ሁሉ እየዞረ ያያቸው ነበር።

«ሰው እያየን ነው፤» አለች ባለቤቱ።

«ይየን።»

«ኧረ ጉድ! ይኼ ሰው ሊሻለው ነው ወይስ ጭራሹን ሊለይለት?» አለች፤ ግን ክንዱን ያዘችው፤ በነጩ በኩል፣ እንዳይበርደው።

ልጅቱ የተከራየችው ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን ስትከፍት ዓይኗ ከአባቷ ፊት በፊት በትከሻው ላይ ዐረፈ። ፈገግታዋ እንደ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ነካኸው፤» አለች።

«ነካሁት፤» አለ። «አደራሽን አፈረስኩ። ከዚያ እንደ አንቺ አድርጌ ልሰፋው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«የማልረባ» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣች። ዋጣት። ዝምታው አማካሪዋ እንዳለችው ከበደው፤ ከኮቱ ይልቅ ከበደው።

«እንደ እኔ?» አለች ልጅቱ ቆይታ። «ጠማማውን?»

«አራት ጊዜ።»

«ሥዕሉን ሁሉ ሥሎ ነበር እኮ፤» አለች እናቷ ከኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ልጅቱ ሊያለቅሱ ይሁን ሊስቁ ያልወሰኑ ዓይኖቿን ወደ ጎን መለሰች። «እነዚያ አራት ዓመታትስ? እነርሱንስ ምን ታደርጋቸዋለህ?»

ይህን ጥያቄ ወራት ሙሉ ይዞት ኖሯል፤ መልሱን ግን አልጻፈውም፣ አላረመውም። «የሰፋሽው ሁሉ የሚለበስ ነበር፤» አለ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ልመልሳቸው አልችልም።»

ልጅቱም ምሕረት አደረግሁልህ አላለችም፤ እንዲህ ያለ ነገር በበር ላይ ቆሞ አያልቅም። እጇን ግን ዘረጋች። «እጅጌውን አምጣው። ኮቱንም አውልቅ።»

የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነበረች። ጠርዙን ዳሰሰችና ቅንድቧን ሰበሰበች። «ጨርቁን በላኸው እኮ! ወደ ውስጥ ካላስገባሁት አይዝም፤ ያጥራል።»

«ይጠር።»

«እዚያ ቁጭ በል። እጅህን የት ልታደርገው ነው?»

«ጉልበቴ ላይ።»

«እማዬ፣ አላምነውም፤ ያዥልኝ።»

እናትዮዋ አጠገቡ ተቀምጣ ሁለቱን እጆቹን በእጆቿ ውስጥ ከተተቻቸው። መኪናዋ መንኳኳት ጀመረች። ተርታሪው ጨርቁ በመርፌው ሥር ሲያልፍ ወደ ፊት ሲያዘነብል አየ፤ ጣቶቹ ተንፈራገጡ፤ ባለቤቱ ጠበቅ አደረገቻቸው። አፉን ሊከፍት ሲል ልጁን ተመለከታት። ምላሷን በጥርሶቿ መካከል ይዛ፣ ፊቷ ረጭ ብሎ ትሰፋ ነበር። አራት ዓመት አጠገቧ ሲቀመጥ እጇን ብቻ ነበር የሚያየው፤ ፊቷን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ኮቱን አለበሰችው። ወደ ኋላ ቆማ ተመለከተች።

«ጠመመ?»

መዋሸት ቀላል ነበር፤ ደግ የሚያሰኝም ነበር። ነገር ግን ፍቅር በሐሰት ላይ አይሰፋም። ወደ መስተዋቱ ሄዶ ትከሻውን መረመረ፤ ክንዱን አነሣ፤ አወረደ።

«ጠሟል፤» አለ። «አጥሯልም። ማጠሩ የእኔ ነው።»

ልጅቱ እንደ ተገተረች ቀረች። «ታዲያስ?»

«ታዲያማ ይሞቃል።» ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ቆለፋቸው። «አሁን ምሳው የት አለ?»

ልጅቱ የመጋረጃውን ሥራ አልተወችም፤ ወዳዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ወደ ሱቁ መጥታ በሁለተኛው መኪና ላይ ትቀመጥ ጀመር። እኩለ ቀን ሲሆን ለምሳ የሚወጣው እርሱ ሆነ፤ ራሱን ስለማያምን ምላጩን በኪሱ ይዞ ይወጣል። የሰፈሩ ሰው፣ ግራ እጅጌው አንድ ጣት ባጠረ ኮት ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ እያየ፣ «ተርታሪው ዛሬ የሰው ልብስ ለብሷል!» ይላል። እርሱም፣ «የልጄ ሥራ ነው፤» ይላል፤ ከዚያ በላይ አያብራራም።

አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዱ ምላጩን ይዞ ደጁን ሲሻገር ልጁ ጠራችው።

«አባዬ! ምላጩን ተውልኝ። ይቺ ኮሌታ አልጣመችኝም፤ እኔው ራሴ ልተርትራት።»

ተመልሶ መኪናዋ ላይ አኖረላት። ኮሌታዋን አላየም፤ ወይም አይቶ እንዳላየ ሆነ። ከዚያ ምሳውን ሊበላ ወጣ።